በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በአራተኛው ዓመት፣ እሱ ባስቆጠረኝ ፊደል፣ እሱ በሸለመኝ እስክሪብቶ፣ የእሱን መንገድ የሚዘጋ ወረቀት ጻፍኩ። የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሆዱ የሚባባ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል። እኔ የማንንም ሐዘኔታ ፈልጌ አልጻፍኩትም፤ አይገባኝምም።

ያኔ ማን ነበርኩ? ከአብዮቱ በፊት ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ዛሬ አዳማ የምትሏት ከተማ ያኔ ለሁላችንም ናዝሬት ነበረች። አብዮቱ ሲመጣ ጀርባዬ ላይ የነበረው ጆንያ ማዕረግ ሆነ። ጭቁን ነው ተብዬ ቀበሌ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ተምሬ የምስክር ወረቀት ያዝኩ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተባለና የቀበሌው ጸሐፊ አደረጉኝ። ጓድ በላቸው። እስክሪብቶዬን ደረት ኪሴ ላይ ሳልሰካ ለቅሶ ቤት እንኳ አልሄድም ነበር።

ስሜ ግን በላቸው አይደለም። አገሬም ለሰው ሁሉ እንደነገርኩት ቡልጋ አይደለም። በዳሳ እባላለሁ፤ ከመቂ ወዲያ ካለች የቆዳ ፋቂዎች መንደር ነው የተወለድኩት።

ፋቂ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ካለ ልንገረው። አባቴ ያለፋው ቆዳ ያልተነጠፈበት ቤት በዚያ አገር አልነበረም፤ አባቴ የገባበት ቤት ግን አልነበረም። ውኃ ሲጠማው በእፍኙ ያፈሱለታል እንጂ ዋንጫ አይሰጡትም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያሉ ልጆቻቸውን ከፊቱ ይሸሽጋሉ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጠፍቼ ናዝሬት ገባሁ። እጄን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት፣ ሽታው ለቀቀኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግራ አውራ ጣቴ ላይ፣ ልጅ ሆኜ የመፍቂያው ብረት የቆረጠኝ ጠባሳ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ማጭድ ነው እለው ነበር።

በላይነሽን አገባሁ። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች የመንዝ ሰው ነኝ የሚሉ፣ አጥንት የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። ሴት ልጅ ወለድን፣ ጸሐይ አልናት። አብዮቱ ሙያን መናቅ ክልክል ነው ብሎ ነበር፤ የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰዉ ሆድ ውስጥ ግን አልተጻፈም። እኔ ደግሞ የምኖረው ሰዉ ሆድ ውስጥ ነበር።

ያስተማረኝ ልጅ ይልማ ይባላል። የአንዲት እህቴ የወርቄ አንድ ልጅ ነው። እኔ ከቤት የወጣሁት እሱ በተወለደበት ዓመት ስለሆነ መልኩን አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላው እናቱ ለሚሲዮኖች አዳሪ ትምህርት ቤት ሰጠችው፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጁ በገዛ ጭንቅላቱ ዲግሪ ድረስ ሄደና ናዝሬት ኮሌጅ ውስጥ በረዳትነት ተቀጠረ፤ ኬሚስትሪ ነበር የሚያስተምረው። ሰዉ የሚሲዮን ልጅ ነው ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም።

መሠረተ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ቀን የተማሪውን ስም ሲጠራ እኔ ጋ ደርሶ ዓይኑን ጣቴ ላይ ጣለ፤ ምንም ሳይል አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት እጄን ይዞ «ሐ»ን ሲያስጽፈኝ ጎንበስ አለና «እናቴ በግራ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ ትለኝ ነበር» አለኝ በጆሮዬ። እጄን መነጨቅኩት። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላነሳውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ጓድ በላቸው፣ እንደምን ዋሉ» ብሎኝ ያልፋል። እኔም «ደህና፣ መምህር» እለዋለሁ። እንዲህ ሆነን ኖርን።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጣ። ብቻዬን ነበርኩ። በሩን ዘጋው፤ ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«አጎቴ» አለ።

ማንም በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። በሩን አየሁት።

ነገሩን አስረዳኝ። አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለዶክትሬት የትምህርት ዕድል ሰጥቷል፤ የትምህርቱን፣ የምግቡን፣ የማደሪያውን፣ የመጽሐፉን፣ የአውሮፕላኑን፣ ሁሉንም ችሎ። ተምሮ የሚመለሰው ሰው ኮሌጅ ውስጥ ያስተምራል። የዘንድሮው ቦታ የተያዘው ደግሞ ከአነስተኛ ብሔረሰቦችና ከተናቁ ሙያተኞች ቤት ለወጡ ልጆች ነው፤ በኮሌጅ መምህራን መካከል እንዲህ ያለ ሰው ፈልገው ስላጡ ነው አለ። ለእነሱ ኮሌጅ የደረሰው አንድ ቦታ ነው። በውጤት የሚቀድመው ይልማ ነው። የሚያጠናውም የቆዳ ኬሚስትሪ ነበር።

«አያቴ በእምቧይ ፍሬ ቆዳ ሲያለፉ ይሠሩት የነበረውን እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምረዋለሁ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ወርቄን መሰለኝ።

ችግሩ ምስክሩ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት መውጣቱን የሚኖርበት ቀበሌ በጠቅላላ ስብሰባ ማረጋገጥ አለበት። በቀበሌው ውስጥ የሚኖር አንድ የሥጋ ዘመድ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር አለበት። ቃለ ጉባኤው ማኅተም አርፎበት ሰኞ ከቀትር በፊት ኮሌጁ መድረስ አለበት። ስብሰባው እሑድ ነው።

«ሌላ ዘመድ የለህም?»

«ያሉት መቂ ናቸው። ቅጹ የሚለው በቀበሌው የሚኖር ነው።»

«ቅጹን ማነው እንዲህ አድርጎ ያወጣው?»

«እኔ ባወጣው ኖሮ እርስዎን አላስቸግርም ነበር።»

ሚስቴን ታውቃታለህ፣ እናቷንም ታውቃቸዋለህ አልኩት። ልጅ አለችኝ አልኩት። ሁሉንም አውቃለሁ አለ። እሱም ሰኞ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያዩት ያውቃል፤ ሊያጫት ያሰባት ልጅ ቤተሰብ ምን እንደሚል ያውቃል። «አራት ዓመት የእርስዎንም የእኔንም ምስጢር ተሸክሜ ኖርኩ። ደከመኝ አጎቴ። አንድ ቃል ነው፤ የእህቴ ልጅ ነው ማለት ብቻ።»

አስብበታለሁ አልኩት። የምስክሩን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከእስክሪብቶው ጀርባ ከተትኩት።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ጠራኝ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ከሳቀ በኋላ ሰው የሚያሳስር ሰው ነበር። የሚስቱ ወንድም እዚያው ኮሌጅ መምህር ነው፤ በውጤት ከይልማ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው።

«ሰምተሃል አይደል?» አለኝ። «ዘንድሮ ሰው ፋቂ ነኝ እያለ ይማጸናል። አምና ቢሉት ኖሮ ሽጉጥ ይመዝ ነበር።»

የሚስትህ ወንድምስ ከየትኛው የተናቀ ቤት ነው አልኩት እንደ ቀልድ።

«በእናቱ በኩል አያቱ የአነስተኛ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። እኛ አናውቅም ነበር፤ እሷም አታውቅም ነበር።» ራሱ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አጠራና ይሄ የሚሲዮን ልጅ ዘመድ ካለው እሑድ ብድግ ብሎ ይናገር፣ ከሌለው ግን አብዮቱን ሊያጭበረብር የመጣ ነው አለ። እኔን አልጠረጠረኝም። ስለ ሌላ ሰው ነበር የሚናገረው።

ዓርብ ይልማ የተከራየበት ቤት ሄድኩ። አሳቤ ነገሩን እንዲተወው ለመለመን ነበር። ስገባ አንድ ሽማግሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩት ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ፣ የመንደራችን ሰው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ።

«አከም ጂርታ፣ በዳሳ?»

በኦሮምኛ እንደምን አለህ ማለታቸው ነው። ደህና ነኝ አባባ አልኳቸው። ሽማግሌው ለምስክርነት ከሞጆ መምጣታቸውን ነገሩኝ። «እኔ እናገራለሁ። ግን እኔ የሞጆ ነኝ፣ አይሰሙኝም ይሆናል። አንተ ትናገራለህ፣ አይደለም?»

ይልማ መጽሐፍ የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጠን። መልሴን እየጠበቀ ነበር።

«እናገራለሁ» አልኩ። እሺ ብዬ ማልኩ። ማንም ማል አላለኝም፤ በአባቴ አጥንት ብዬ በራሴ ጊዜ ማልኩ። ይልማ ዞረና እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ተውኝ ብዬ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ እንደምናገር አምን ነበር። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ለራሴ ጥብቅና አይደለም። ሰው ቃሉን የሚያጥፈው ሲምል ጀምሮ እየዋሸ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበርኩ። በላይነሽ የጸሐይን ጸጉር ትሠራለች። ወይዘሮ ዘነበች ቁምሳጥኑን ከፍተው ብርጭቆ እያወጡ ያያሉ።

«የትኛው ነበር?» አሉ ልጃቸውን።

«ምኑ?»

«ለፋሲካ ያ የሚሲዮን አስተማሪ የጠጣበት። ነገ ፋቂ ነኝ ሊል ነው አሉ። የሱን ነጥዬ ልጥለው ነው።»

በላይነሽ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ታጥበዋል እኮ እማዬ አለቻቸው። «እንግዲያው ስድስቱንም» አሉ። ስድስቱንም ብርጭቆ በጨርቅ ቋጥረው ጓሮ ቆሻሻ መጣያው ላይ አራገፏቸው። የሠርጋችን ስጦታ ነበሩ። ከመካከላቸው ጫፉ የተሸረፈው የእኔ ነው፤ ሌላው እንዳይቆርጠው ብዬ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምጠጣበት። ጸሐይ ሮጣ ሄዳ አንዱን ልታነሳ ስትል አያቷ እጇን መቷት። «አትንኪ፤ ቡዳ ጠጥቶበታል።»

ልጄ እጇን እያሻሸች ወደ እኔ መጣችና ጭኔ ላይ ተቀመጠች። የእሑዱ ነገር ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ በቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። ያልመጣ ሰው የስኳር ካርዱ ላይ ማኅተም ስለማይመታለት ቤት የቀረ አልነበረም። ኮሚቴው ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። ቃለ ጉባኤው ከፊቴ ነው፤ ማኅተሙ ጓድ ደምሴ ፊት። ወይዘሮ ዘነበችና ሚስቴ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው።

ይልማ ተጠርቶ ቆመ። አመድማ ኮት ለብሷል። ብዙ አልተናገረም። እናቴ ወርቄ ትባላለች፣ አያቴ ዳዲ ይባላሉ፣ ከመቂ ወዲያ ያለ የፋቂ ቤተሰብ ልጅ ነኝ አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አጠገቡ የነበረች ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች፤ ከኋላ ሌሎቹም ፈቀቅ አሉ። ይልማ ዙሪያ አንድ ክብ ባዶ መሬት ተፈጠረ።

«ጥሩ» አለ ጓድ ደምሴ። «በቀበሌያችን የሚኖር የሥጋ ዘመድ ይነሳ።»

ይልማ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ጎነበስኩ። የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ቀኑን ጻፍኩ። ቀኑን ቀድሜ ጽፌው ነበር፤ ከሥሩ ደግሜ ጻፍኩት።

«የለም?»

ከኋላ ኦቦ ገመዳ ተነሱ። እኔ አውቀዋለሁ ማለት ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ ነዋሪነታቸውን ጠየቃቸው። ሞጆ አሉ። «አባባ፣ የሞጆ ሰው የሞጆ ስብሰባ ላይ ይናገር» አላቸው፤ ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ቆመው እኔን ያዩኛል። ተቀመጡ ተባሉ፤ ተቀመጡ።

«እንግዲህ» አለ ጓድ ደምሴ እጁን እያፋተገ፣ «ዘመድ ካልመሰከረለት ሙያው ይመስክርለት።»

ከአዳራሹ ኋላ አንድ ጥበቃ የራሰ የፍየል ቆዳ፣ እቅፍ ካስማ፣ ድንጋይና የመፍቂያ ብረት አምጥቶ ግቢው መሀል ዘረገፈው። ተዘጋጅቶበታል። ሽታው ጠረጴዛው ድረስ መጣ። ሽታውን ከሁሉ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ።

«የፋቂ ልጅ ቆዳ ሲወጥር እስቲ እንይ፣ ዶክተር» አለው።

ይልማ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ለአፍታ የሚል መሰለኝ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ አጠፈውና የሚይዝለት ሰው ፈለገ። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። ኮቱን አፈር ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ።

አያውቅበትም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት የኖረ ልጅ ከየት ያውቀዋል? ቆዳውን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ የኋላ እግሩን ይዞ መጀመሪያ እሱን ቸከለ። ቀጥሎ ሌላውን እግር። ቆዳው መሀሉ ላይ ተጨማደደ። ሲስበው ካስማው ተነቀለ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። አንዱ ከኋላ «ላውንደሪ ውሰዱትና ይተኩሱት» አለ። ይልማ ሸሚዙ በደምና በጨው ውኃ ርሶ እንደገና ያንኑ እግር ይቸክላል።

አሁን የምናገረውን ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ልጁን ሳየው ያዘንኩ ይመስላችኋል። እኔ ያየሁት ቆዳውን ነበር። ጣቶቼ ጠረጴዛው ሥር ይንቀሳቀሱ ነበር። እንዲህ አድርጌ ብቸክል አባቴ አንጓዬን በካስማው ይለኝ ነበር። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ ንዴት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የተበላሸ ሥራ ሳይ የሚመጣብኝ ንዴት ነበር።

«ጓድ ጸሐፊ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ ጓድ ደምሴ። ለማሳቅ ያህል ነው የጠየቀኝ።

ብድግ አልኩ። «ይሄ የፋቂ ልጅ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «መጀመሪያ አንገትና ጭራው ይወጠራል፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ፤ እግሩ የሚቸከለው መጨረሻ ነው። እግሩን አስቀድሞ የቸከለ የፋቂ ልጅ የትም አገር የለም።»

ይልማ ድንጋዩን እንደያዘ ቀና አለ።

«ጻፈው» አለኝ ሊቀመንበሩ ፈጥኖ። እሱ አነበነበ፣ እኔ ጻፍኩ። ለአመልካቹ በቀበሌው አንድም ዘመድ አለመገኘቱን፣ በሙያው ተፈትኖ አለማወቁን፣ ስለሆነም ያቀረበው ማንነት ሐሰት መሆኑን ስብሰባው አረጋግጧል። ጥሩ አድርጌ፣ መስመር ሳልስት ጻፍኩ። ኮሚቴው ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ጓድ ደምሴ ማኅተሙን በአፉ እፍ አለበትና ጫነው።

ያኔ ነው ወይዘሮ ዘነበች የተነሱት። ጓድ አላሉኝም።

«በላቸው። ቡልጋ ቆዳ የሚቸከለው እንዲህ ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። መቂ ገበያ ላይ አይቻለሁ አልኳቸው።

«ገበያ ላይ ቆዳ ይሸጣል እንጂ ይወጠራል እንዴ?»

አሁን የሳቀ የለም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ግራ እጄ ወረደ። «ያ ጣትህስ? የማጭድ ነው ያልከኝ?»

ከኋላ ኦቦ ገመዳ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተናገሩ። «የመፍቂያ ብረት ነው። በቅጠል ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመቱ ነበር። የዳዲ ልጅ በዳሳ ነው። ይሄ ልጅ የእህቱ የወርቄ ልጅ ነው። ዓርብ ዕለት በአባቱ አጥንት ምሏል።»

ሚስቴን አየኋት። አላየችኝም። ጸሐይን ከአግዳሚው አንስታ ፊቷን ደረቷ ላይ ሸሸገችው፤ አባቴ ሲያልፍ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እንደሚሸሽጉት አድርጋ።

ይልማ ከመሬት ተነሳ። ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመ። «እንግዲህ ሰምተዋል ጓድ ሊቀመንበር። ዘመድ ተገኘ።»

ጓድ ደምሴ ወረቀቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ማኅተሙ ደርቋል» አለ።

«ሐሰት መሆኑን እኮ አሁን ሁሉም ሰማ።»

«ማኅተም ያረፈበት አይሻርም። አቤቱታ ካለህ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ።» የሚቀጥለው ስብሰባ ከወር በኋላ ነበር። ወረቀቱ የሚፈለገው ሰኞ ነው።

ይልማ አልጮኸም፣ አልለመነም። ጎንበስ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ክፍል ውስጥ ደብተሬን እንደሚያርም አድርጎ። ሲጨርስ ወደ እኔ ቀና አለ።

«እግሩን ማስቀደም እንደሌለብኝ አላውቅም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናቴ ቆዳ እንዳልነካ ብላ ነው የሰጠችኝ።» ከዚያ ወረቀቱን በዓይኑ አሳየኝ። «እጅ ጽሕፈትዎ ግን ተሻሽሏል።»

ኮቱን አንስቶ አፈሩን አራገፈና ወጣ።

ሰዉ ሲበተን ኦቦ ገመዳ መሀል ግቢው ላይ ተንበረከኩ። ይልማ የቸከለውን ካስማ አንድ በአንድ ነቀሉት። አንገቱን ወጠሩ፣ ጭራውን ወጠሩ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን። ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ላግዝዎት ብዬ ስጠጋ አንገታቸውን ሳያቀኑ «ተው» አሉኝ። ታዲያ ይህን አሁን ምን ይሠሩታል አልኳቸው። «ቆዳው ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ሚስቴም ልጄም እናትየዋም የሉም። ሰሃኑ፣ ኩባያው፣ ማሰሮው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰባብሯል። አልጋውን ብቻ ትተውልኛል፤ የተኛሁበትን ማን ይወስዳል? በሳምንቱ ኮሚቴው ማንነቱን ደብቆ አብዮቱን አታሏል ብሎ አባረረኝ። ፋቂ በመሆኔ እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩኝ። ከእኔ ሌላ ጥሩ አድርጎ የሚጽፍ ስላልነበረ የተባረርኩበትን ቃለ ጉባኤ ራሴ ጻፍኩት።

የሊቀመንበሩ የሚስት ወንድም በዕድሉ ሄደ። ዶክተር ሆነ አሉ። አልተመለሰም፤ አንድም ቀን እዚህ አገር ኮሌጅ ውስጥ አላስተማረም።

ይልማን ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቧል ብሎ ኮሌጁ አስወጣው። ወደ ምዕራብ ቆላ፣ ሰፋሪዎች ወደሚገኙበት ጣቢያ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ አድርገው ላኩት። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ ደብዳቤና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ደረሰኝ። በወባ ሞቷል። ደብዳቤው ላይ ፋይሉ ውስጥ በቅርብ ዘመድነት ለተመዘገቡት ለአጎቱ ለበዳሳ ዳዲ፣ ናዝሬት ይላል። ናዝሬት መግባቴን ከእናቱ ሰምቶ፣ ተቀጥሮ ቅጽ የሞላ ዕለት ነው የጻፈው፤ እኔ ፊደል ሳልቆጥር፣ ገና ስሙን ሳልጠይቀው። መንግሥት ዘመዱ መሆኔን በወረቀት ያውቅ ነበር። ፋይሉን ገልጦ ያየ አልነበረም እንጂ።

ናዝሬት ውስጥ ከዚያ በኋላ ውኃ የሚሰጠኝ ጎረቤት በጣሳ ነበር የሚሰጠኝ፤ ጣሳውንም ይዘህ ሂድ ይለኛል። ሞጆ ሄድኩ። ቆዳ ፋብሪካ ያስገቡኝ ኦቦ ገመዳ ናቸው። እስኪሞቱ ድረስ አንድ ፈረቃ ሠራን፤ ከሰላምታ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩልኝም። ሽታው ተመልሶ እጄ ውስጥ ገባ። አሁን በሎሚ አልፈትገውም። ልጄ ጸሐይ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የአባቷን ስም አስለውጣለች ይሉኛል። አልፈርድባትም። እኔም የአባቴን ስም አስለውጬ ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ዘመኑ ነው አትበሉልኝ። ጓድ ደምሴ ነውም አትበሉልኝ። እሱ የዋሸው ለዘመዱ ነው፤ እኔ የዋሸሁት በዘመዴ ላይ ነው። የተማረ ሰው ደግ ይሆናል የሚባለውንም አትንገሩኝ። ማይም ሆኜ የሠራሁት ክፋት ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰው ያስቀይም ነበር፤ ከሩቅ የሚያጠፋውን ክፋት የሠራሁት ከተማርኩ በኋላ ነው። ከመካከላችሁ ለእንዲህ ያለ ዕድል ምስክር የሚጠራ፣ ቅጽ የሚያወጣ፣ ማኅተም የሚይዝ ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ እለዋለሁ። የተናቀን ሰው ልርዳው ብለህ ስትነሳ በናቁት ሰዎች ፊት አታቁመው። ከመካከላችሁ የተደበቀ ካለ ደግሞ፣ የደበቅከውን አንድ ቀን ራስህ ትናገረዋለህ፤ የምትናገረው ግን ሰው ልትጎዳበት ስትል እንዳይሆን።

ይልማ ረቡዕ ዕለት የሰጠኝ ቅጽ እስከ ዛሬ አለኝ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ነጥብ ነጥቡ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር። ዛሬ ሞልቼዋለሁ፤ እንዲህ ይነበባል።

የምስክሩ ስም፦ በዳሳ ዳዲ። ሥራ፦ ቆዳ ፋቂ። ከአመልካቹ ጋር ያለው ዝምድና፦ አጎት፣ የእናቱ ወንድም። የምስክርነት ቃል፦ ይልማ የእህቴ የወርቄ ልጅ ነው። የቆዳ ፋቂ የዳዲ የልጅ ልጅ ነው። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ፊርማ፦ ፈርሜያለሁ።

ማኅተም የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ማድረሻ ቀን የሚለው ላይ ሰኞ ከቀትር በፊት ይላል።